እረኛው ልጅ ወደ ክፍል እንዲመለስ፦ በወሎ ቀበሌዎች የሕፃናትን የጉልበት ብዝበዛ ለመቀነስ ዝርዝር መመሪያ

ከዓመታት በፊት በአንድ የወሎ ደጋ ቀበሌ ለችግረኛ ቤተሰቦች በግ ሲታደል እኔም ከአዳዮቹ አንዱ ነበርኩ። ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ሁለት ሴት በግ ሰጠን። ሽማግሌዎች መረቁን፣ እናቶች እልል አሉ፣ እኛም ደስ ብሎን ወደ ከተማ ተመለስን። በዓመቱ ስንሄድ በጎቹ ረብተው አገኘናቸው፤ ሪፖርቱም ያማረ ሆነ። ትምህርት ቤቱ ጎራ ስል ግን የሦስተኛ ክፍል መምህሩ የስም መጥሪያውን ገልጦ አሳየኝ። በግ ከወሰዱት ቤቶች የሚመጡ አንዳንድ ልጆች ከጥር ወዲህ አልታዩም ነበር። የት ገቡ? በግ ጥበቃ። በግ ያለ እረኛ አትውልም፤ እረኛው ደግሞ ከቤቱ ለሌላ ሥራ ያልደረሰው ልጅ ነው። ድህነትን እናቃልላለን ብለን ለሕፃን ሥራ ፈጥረን ነበር።

ይህ መመሪያ ከዚያ ስሕተት የተወለደ ነው። ለቀበሌ ኮሚቴዎች፣ ለርእሳነ መምህራን፣ ለቅሬ (በወሎ የዕድር መጠሪያ ነው) ሰብሳቢዎች፣ ደሴና አዲስ አበባ ሆነው ለትውልድ መንደራቸው ገንዘብ ለሚያዋጡ ተወላጆች ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ጥያቄ ይዛችሁ እንድትሄዱ እፈልጋለሁ፦ ይህ ልጅ ይሠራው የነበረውን ሥራ ነገ ጠዋት ማን ይሠራዋል? ለዚህ መልስ የሌለው ደብተር፣ መልስ የሌለው በግ፣ መልስ የሌለው ምክር ሁሉ ከጥቅምት አያልፍም።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ የምትቀንሱትን ለዩ

ከትምህርት መልስ ጥጃ የምታስር፣ ለቡና ውኃ የምትቀዳ ልጅ እየተበዘበዘች አይደለም፤ ቤት እየለመደች ነው። ይህን ካልለያችሁ የመጀመሪያው ቤት ላይ ትሳቃላችሁ፤ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ይባላል። መለያው ሰዓቱና አደጋው ነው። ዓለም አቀፍ መለኪያዎች ከ12 እስከ 14 ዓመት ያለ ልጅ በሳምንት 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ የገቢ ወይም የእርሻ ሥራ ከሠራ፣ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ ደግሞ በቤት ውስጥ ሥራ በሳምንት 21 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከዋለ ከመስመር አልፏል ይላሉ። ከጠዋት እስከ ማታ ከብት የሚያግድ ልጅ 14 ሰዓቱን በሁለት ቀን ይጨርሰዋል።

የአገራችን ሕግም ግልጽ ነው። የሠራተኛና አሠሪ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለውን «ወጣት ሠራተኛ» ብሎ የቀን ሥራውን ከ7 ሰዓት እንዳያልፍ ይገድባል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም ሆነ በሳምንት የዕረፍት ቀን እንዳይሠራ ያዛል። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃን ትምህርቱንና ጤናውን ከሚጎዳ ሥራ እንዲጠበቅ ይደነግጋል። ሆኖም አዋጁ የሚገዛው ቀጣሪና ተቀጣሪን ነው። አባት በገዛ እርሻው ላይ የሚያሠራው ልጅ፣ በሰው ቤት የምታገለግል ልጅ ከአዋጁ መረብ ውጪ ይወድቃሉ። በወሎ ገጠር የሚበዙት ደግሞ እነዚሁ ናቸው። ስለዚህ ሕጉን እወቁት፣ በር ስታንኳኩ ግን በእጃችሁ ይዛችሁት አትግቡ።

ደረጃ 1፦ ኮሚቴውን በግንቦት አቋቁሙ

አምስት ወይም ሰባት ሰው ይበቃል፦ ርእሰ መምህሩ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የግብርና ልማት ሠራተኛው፣ የቅሬ ሰብሳቢ፣ እንደ መንደሩ ሁኔታ ሼህ ወይም ቄስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ራሷ ልጇን ከትምህርት አስቀርታ የምታውቅ አንዲት እናት። እሷን «ለሥርዓቱ» አታስገቧት። ሌሎቻችን ሦስት ስብሰባ የሚፈጅብንን እሷ በአንድ ዐረፍተ ነገር ትጨርሰዋለች።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ይወቀው፣ ይደግፈውም፤ ሰብሳቢ ባይሆን ግን እመርጣለሁ። መዝገብ ይዞ ቤት የሚገባ የቀበሌ ሰው ግብር ወይም መዋጮ ያስታውሳል፤ ያኔ የልጆቹ ቁጥርም የከብቶቹ ቁጥርም ይደበቃል። ቅሬ ከሆነ ሌላ ነው። በወሎ ቅሬ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም አብሮ የሚያስቀብር፣ የማን ቤት እንደ ጎደለ ከማንም ቀድሞ የሚያውቅ ማኅበር ነው።

ለምን በግንቦት? መስከረም ሲገባ የልጁ ዓመት አስቀድሞ ተከፋፍሎ ያልቃል። ማን ከብት እንደሚጠብቅ፣ የትኛው ልጅ በዓመት ውል ለሌላ ሰው እረኛ እንደሚሆን፣ የትኛዋ ከተማ አክስት ዘንድ እንደምትላክ የሚቆረጠው በክረምት ነው። እናንተ ከውሉ በፊት ድረሱ።

ደረጃ 2፦ የስም መጥሪያውን እንደ መጽሐፍ አንብቡት

የቤት ለቤት ቆጠራ ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ቀን ትምህርት ቤት ተቀመጡ። የምዝገባ ቁጥር አያታልላችሁ፤ በመስከረም ሁሉም ይመዘገባል። መቅረቱን በወርና በቀን ዘርዝሩ። ቀሪው ልጅ የት እንደዋለ ቀኑ ራሱ ይነግራችኋል።

መቅረቱ በሳምንት አንድ ቀን፣ ያውም በገበያ ቀን ከሆነ ልጁ ተሸክሞ ወይም ነድቶ ገበያ ይሄዳል ማለት ነው። በባቲ ዙሪያ ሰኞ ሰኞ ባዶ ወንበር ካያችሁ ምክንያቱን መጠየቅ አያስፈልግም። እንደ ቆቦ፣ ቃሉና ባቲ ባሉ ማሽላ አብቃይ ቆላዎች ከመስከረም እስከ ኅዳር የሚቀረው ልጅ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍና ዝንጀሮ ይጠብቃል። በደጋው የበልግ ገብስ የሚታጨደው በሰኔ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ተምሮ ፈተናው ላይ የሚጠፋ ልጅ የበልግ አገር ልጅ ነው። በየቀኑ ሃያ ደቂቃ የሚያረፍደው ከብት ሜዳ አድርሶ፣ ውኃ ቀድቶ ወይም ታናሹን አስተኝቶ የመጣ ነው። ለአንድ ሳምንት ጠፍቶ ለአንድ ሳምንት የሚመለሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከወንድሙ ጋር ተራ የገባ ነው፤ አንድ ዩኒፎርም ለሁለት።

ከዚያ በኋላ ጨርሶ ያልተመዘገቡትን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ከቅሬው መዝገብ ፈልጉ። ዕድሜ ያስቸግራችኋል፤ በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በነሐሴ 2008 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለዱት አብዛኞቹ የልደት ምስክር ወረቀት የላቸውም። የክትባት ካርድ፣ ክርስቲያን ከሆነ የክርስትና ቀን፣ ሁለቱም ከሌሉ የዘመን ምልክት ተጠቀሙ፦ በ2008ቱ ድርቅ ይድህ ነበር ወይስ ይሄድ ነበር? በ2013 ሐምሌ ጦርነቱ ወሎ ሲገባ ስንተኛ ክፍል ነበር? እናት ዓመተ ምሕረቱን ትረሳ ይሆናል፣ ያንን አትረሳም። በዚያው አጋጣሚ የልደት ምዝገባውን አስጨርሱ፤ በኋላ ደላላ ዕድሜዋን ሊያስጨምር ሲመጣ ያ ወረቀት ይከላከልላታል።

ደረጃ 3፦ ቤቱን የጎደለው ምንድን ነው?

ስሞቹን ከያዛችሁ በኋላ በየምክንያታቸው መድቧቸው። እኔ አራት ክምር አደርጋለሁ።

የመጀመሪያው እጅ የጎደለው ቤት ነው፦ ባል የሞተባት፣ አባት የታመመበት፣ ታላላቆቹ ወደ ዓረብ አገር ወይም ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ የሄዱበት። ሁለተኛው ገንዘብ የጎደለው ቤት ነው፤ የልጁ የቀን ሁለት መቶ ሦስት መቶ ብር ለዘይትና ለወፍጮ ይውላል። ሦስተኛው ልጁን ያባረረው ትምህርት ቤቱ የሆነበት ነው፤ ርቀት፣ ዱላ፣ አምስት ዓመት ተምሮ ፊደል አለመለየት። አራተኛው ደላላ የገባበት ቤት ነው።

ይህን የምለው ለጥናት ውበት አይደለም። እጅ ለጎደለው ቤት ደብተር ብትሰጡ ደብተሩ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ትምህርት ቤቱ ላባረረው ልጅ በግ ብትሰጡ እረኝነቱን አጸደቃችሁለት። ብዙ ድጋፍ የሚባክነው ለሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ስለሚታደል ነው፤ ሲታደል ደግሞ ፍትሕ ይመስላል።

ደረጃ 4፦ ቤት ስትገቡ

ሁለት ሰው ይበቃል፤ አንደኛው በዕድሜ የገፋ ይሁን። ቡና ተፈልቶ ከሆነ ከአቦል እስከ በረካ ተቀመጡ። መዝገብ አታውጡ። ስለ ዓመቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ላሟ ጠይቁ፤ ስለ ልጁ የምትፈልጉት ሁሉ ከላሟ ወሬ ውስጥ ይወጣል።

አንድ ጊዜ ከአንድ ሼህ ጋር የገባንበት ቤት አባትየው ዝም ብለው ሲያዳምጡን ቆዩና «ሼሃችን፣ እኔ መቼ ትምህርት ጠላሁ? እሱ ሲማር ላሚቱን ማን ይጠብቅልኝ፣ መምህሩ?» አሉ። ከእኛ ጋር የነበረው ወጣት ባለሙያ ተቆጥቶ ስለ ሕፃናት መብት ሊጀምር ሲል ሼሁ በእጃቸው አስቆሙትና «እውነትዎን ነው፣ አያ። እስቲ ላሚቱን እናስብላት» አሏቸው። የቀረው ጊዜ ሁሉ ስለ ላም ነበር። ልጁ በማግስቱ ሳይሆን በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰ፤ ላሚቱ የአራት ቤት የጋራ ጥበቃ ውስጥ ስትገባ።

ልጁንም ለብቻው አናግሩት። አባት ፊት «መማር እፈልጋለሁ» የሚል ልጅ ማታ ይመታል፤ «አልፈልግም» ካለም እውነቱ አይደለም። ታናሽ እህቱ የት እንደምትውልም ጠይቁ፤ ኋላ ትመጣለችና ስሟን ያዙት።

ደረጃ 5፦ መተዳደሪያውን ደግፉ፣ የማንን ሰዓት እንደሚበላ ቆጥራችሁ

ዋናው ሥራ ይኸው ነው፤ ብዙ የምቆየውም እዚህ ነው።

እጅ ከጎደለው ቤት እንጀምር። በሬ የሌላት ባል የሞተባት ሴት መሬቷን መጋዞ ትሰጣለች፤ ከአዝመራው እኩሌታው ወይም ከዚያ በላይ ለአራሹ ይሄዳል። በቀረው ስድስት ወር ትበላለች፣ ስድስቱን ልጇ ተቀጥሮ ያበላታል። ለእሷ ከሁሉ የሚቀድመው የእርሻ ጉልበት ነው። ቅሬው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱን ለእርሻ አንዱን ለአጨዳ፣ ጅጌ (ደቦ) ይውጣላት። ለምግቡ እንዳትጨነቅ የጅጌውን ምሳ ኮሚቴው ይቻል፤ ብዙ መበለቶች ጅጌ የማይጠሩት ጠላውንና እንጀራውን ስለሚፈሩ ነው። ገንዘብ ካላችሁ አንድ በሬ ግዙላትና ሌላ አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር በመቀናጆ ታርስ። መሬቱን ማከራየት የግድ ከሆነም ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤትም ይመዝገብ።

ቀጥሎ የእረኝነት ሰዓት። ከሁሉ የረከሰው መፍትሔ የጥበቃ ወረፋ ነው። የአሥር ቤት ከብት አንድ ላይ ይወጣል፤ በየቀኑ ከአንድ ቤት አንድ አዋቂ ይጠብቃል። አንድ ቤት በአሥር ቀን አንድ ቀን ጉልበት ያወጣል፤ አሥር ልጅ ነፃ ይሆናል። ወረፋው ግን ሁለት ደንብ ይፈልጋል። ተረኛው በምትኩ ልጅ እንዳይልክ፣ የጠፋ ወይም አዝመራ የገባ ከብት ዕዳውም የተረኛው እንዲሆን። ሁለተኛው ደንብ ከሌለ በመጀመሪያው ወር ይፈርሳል፤ ጠብም ይነሣል። ጠቡን ለአበጋሮች፣ ማለትም ጠበኛ ለሚያስታርቁት የአገር ሽማግሌዎች፣ ስጡት፤ ለዚያ ከእነሱ የተሻለ ሰው ወሎ የለውም። የማሽላ ጥበቃውንም እንዲሁ በአጥቢያ ከፋፍላችሁ ለአዋቂ ስጡ። ከማሳ ማሳ የሚሮጥ ሕፃን ለዝንጀሮ መንጋ የሚያስፈራ ነገር አይደለም፤ ይህን ገበሬው ራሱ ያምናል።

እንስሳ ለመስጠት ከወሰናችሁ ሜዳ የማይወጣውን ስጡ። እርባታ ሳይሆን ማድለብ ይሻላል። ሁለት ወይም ሦስት ወንድ በግ ቤት ታስሮ፣ አጭዶ በማብላት፣ ፉርሽካና ፋጉሎ እየተጨመረለት በሦስት ወር ለገበያ ይደርሳል። ከመጀመሩ በፊት የትላትል መድኃኒት ይውሰድ። ለደጋ ትሪ ሉሰርን፣ ዝቅ ላለው አገር ዝሆኔ ሣር በጓሮና በእርከን ላይ ማስተከል አትርሱ፤ መኖ ከሩቅ የሚታጨድ ከሆነ አጫጁ ያው ልጁ ነው። ወሎ ደግሞ ለአድላቢ የተመቸ አገር ነው፤ ገና፣ ፋሲካና እንቁጣጣሽ ብቻ ሳይሆን አረፋም ገበያ ያሟሙቃል። በዓሉን ይዛችሁ ሦስት ወር ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ግዙ። በክርስቲያን አካባቢ በሁዳዴ ለመሸጥ የሚያቅድ ሰው ግን ምክር ያስፈልገዋል።

ዶሮም ጥሩ ነው፤ የ45 ቀን ጫጩት ለአንዲት እናት አሥር ያህል ይበቃታል። ነገር ግን ያለ ፈንግል ክትባት የተሰጠ ዶሮ ለፈንግል የተሰጠ ነው። ንብም እወዳለሁ፤ ንብ እረኛ አትጠይቅም። የመስኖ ሽንኩርትን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የውኃ ፓምፕ የገባበት ሜዳ ሁሉ የችግኝ ተካይ፣ የአራሚና የለቃሚ ፍላጎት ይዞ ይመጣል፤ በቀን ክፍያ በርካሽ የሚገኘው ደግሞ ልጅ ነው። የመስኖ ማኅበር ስትደግፉ «ከ15 ዓመት በታች አናሠራም፣ በትምህርት ሰዓትም ማንንም ተማሪ አናሠራም» የሚለውን በመተዳደሪያ ደንባቸው አስገቡት። የምትሰጡት ፓምፕ ከመድረሱ በፊት እንጂ በኋላ አይሆንም።

የሴት ልጅን ሰዓት የሚበሉት ሌሎች ናቸው፦ ውኃ፣ እንጨት፣ ወፍጮ፣ ታናሽ ማዘል። ምንጭ ማጎልበት፣ ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ፣ በቅርብ ያለ ወፍጮ፣ ሕፃናት የሚውሉበት አንድ ጥላ «የትምህርት ድጋፍ» ተብለው አይመዘገቡም፤ ለእኔ ግን ከደብተር ይቀድማሉ።

ገንዘብ ለጎደለው ቤት የቁጠባ ማኅበር መሥርቱ። ከ15 እስከ 25 እናቶች፣ በየሳምንቱ ትንሽ መዋጮ፣ ሦስት ቁልፍ ያለው ሣጥን፣ ቁልፎቹ በሦስት ሰው ቤት። ማንም ብቻውን አይከፍትም፤ ሲከፈትም ሁሉም ያያል። ዓመቱ ከመስከረም ይጀምርና ገንዘቡ በነሐሴ መጨረሻ ይከፋፈል። ጎተራው የሚራቆተው፣ ዩኒፎርምና ደብተር የሚጠየቀው በዚያው ወቅት ነው፤ ልጅ የሚላከውም ያኔ ነው። ወለድ የማይሹ አባላት በወሎ ብዙ ናቸው፤ ብድሩ ያለ ወለድ ይሁን፣ ክርክር ውስጥ አትግቡ። ከባንክ ብድር የሚወሰድ ከሆነም ከወለድ ነፃ አገልግሎት መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

በሽታን አትርሱ። በአንድ ወር የአባት ሕመም በሬ ይሸጣል፤ በሬው ሲሸጥ ልጅ ይቀጠራል። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ለሙከራ ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዱ ተሁለደሬ ነበር፤ ዛሬ በብዙ ወረዳዎች አለ። የመመዝገቢያው ወቅት ሳያልፍ ዝርዝራችሁ ላይ ያለ ቤት ሁሉ አባል ይሁን፤ ለድሀ ድሆች መዋጮውን መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር ስላለ ስማቸው እንዳይዘለል ተከታተሉ። ሴፍቲኔት (በማኅበረሰብ ሥራ ምትክ እህል ወይም ገንዘብ የሚሰጠው የመንግሥት ፕሮግራም) ውስጥ ያለ ቤት ከሆነ ደግሞ የማኅበረሰብ ሥራው ላይ በታመመ ወላጅ ምትክ ልጅ አካፋ ይዞ እንዳይቆም ፎርማኑን አነጋግሩ። ሥራ መሥራት የማይችል ቤት ወደ ቀጥታ ድጋፍ ይዛወራል፤ ነፍሰ ጡርም እንዲሁ።

እነዚህን ነጣጥላችሁ ሳይሆን አጣምራችሁ ስጡ። ኢትዮጵያን ጨምሮ በስድስት አገሮች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ለድሀ ድሆች እንስሳ ወይም ሌላ ሀብት ከጊዜያዊ ስንቅ፣ ከቁጠባ፣ ከሥልጠናና ከቋሚ ጉብኝት ጋር ሲሰጥ ድጋፉ ካቆመ ከዓመት በኋላም ኑሮአቸው ተሻሽሎ አግኝቷል። ስንቋ ዋና ናት፤ የሚበላው የሌለው ሰው የሰጣችሁትን በግ ሁለተኛው ወር ላይ ይሸጠዋል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

«ልጁ ካልተማረ ድጋፉን እንነጥቃለን» የሚል ወረቀት ማስፈረም? እኔ አልወደውም። የተነጠቀ ቤት ልጁን ይበልጥ ያሠራዋል። ይልቅ ድጋፉን በሁለት ከፍሎ፣ ሁለተኛውን የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ሲያልቅ ቤቱን ጎብኝቶ መስጠት ይሻላል።

ደረጃ 6፦ ትምህርት ቤቱም ይለወጥ

ብር የማይጠይቀውን አስቀድሙ፦ የማርፈጃ ደንቡን። ጠዋት ከብት አውጥቶ፣ አንድ ሰዓት ተጉዞ፣ ከ2 ሰዓት ተኩል ሃያ ደቂቃ ዘግይቶ የደረሰ ልጅ በር ተዘግቶበት ወይም ተገርፎ ሲመለስ ምን ይማራል? ሜዳው እንደሚሻል። ለእነዚህ ልጆች የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ መዝሙር ወይም ስፖርት ይሁን፣ በሩም ክፍት ይሁን። ትምህርቱ በፈረቃ ከሆነ የአንድ ቤት ወንድምና እህት በተለያየ ፈረቃ እንዲመደቡ ማድረግም ይቻላል፤ መምህራኑ ይቸገራሉ፣ ቢሆንም ይሠራል።

ጦርነቱና ከዚያ ወዲህ የቀጠለው ግጭት በብዙ የወሎ ትምህርት ቤቶች ዓመታትን በልቷል። የ13 ዓመት ጎረምሳ ከ7 ዓመት ሕፃናት ጋር አንደኛ ክፍል ተቀመጥ ቢባል እሺ ብሎ ይገባና በሳምንቱ ይጠፋል፤ ማፈሩ ነው። ለእነሱ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች በአንድ ዓመት የሚያጠቃልል የተፋጠነ ክፍል ለብቻ ክፈቱ። ከ25 እስከ 30 ልጅ፣ አንድ የአካባቢውን ሰው የሚያውቅ አስተማሪ፣ አንድ ክፍል ይበቃል። ክፍሉ በፍንዳታ የፈረሰ ከሆነ የመስጊድ ግቢም የቤተ ክርስቲያን አዳራሽም ተጠይቆ የሚከለከል አይመስለኝም። ደረሳውና የቆሎ ተማሪው ያደጉበት አገር ነው፤ ከግድግዳ ውጪ መማር ለወሎ እንግዳ ነገር አይደለም።

ምሳ የሚሰጥ ትምህርት ቤት መቅረት ይቀንሳል። ከመንግሥት የተመደበ ከሌለ በአዝመራ ወቅት ከየቤቱ አንድ ጣሳ እህል ሰብስቡ፤ ባቄላና ሽምብራ ቅልቅል፣ ንፍሮ ይበቃል። ምግቡን የሚያበስሉ እናቶች ግን ይከፈላቸው፤ ያለበለዚያ ሴት ልጆቻቸው ያግዟቸዋል ተብሎ ከክፍል ይወጣሉ። ለሴቶች ልጆች በር ያለው መጸዳጃ ቤትና የንጽሕና መጠበቂያ የግድ ነው። አፌ ሞልቶ የምመሰክርለት ሌላው ነገር ለደካሞቹ በሳምንት ሁለት ቀን የንባብ ማጠናከሪያ መስጠት ነው። ማንበብ የጀመረ ልጅ አባቱን ራሱ ይለምናል።

ደረጃ 7፦ ከቤት የራቁት

ደሴና ኮምቦልቻ በሰው ቤት ያሉ፣ ሊስትሮ የሚሠሩ፣ በዓመት ውል በሌላ ወረዳ እረኛ የሆኑ፣ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ በሚወጣበት በደላንታ ገደል ጉድጓድ የሚገቡ። ለእነዚህ አትቸኩሉ፤ ጉድጓዱን ብቻ ቸኩሉበት። የማዕድን ጉድጓድ ከ18 ዓመት በታች ላለ ሁሉ ክልክል ነው፤ የተናደ ጉድጓድ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም።

የሰው ቤት ልጅን በድንገት ብታስወጧት ሌላ ቤት፣ የከፋ ቤት ትገባለች። መጀመሪያ ቤተሰቧን አግኙ። ቀጥሎ አሠሪዋን በሽማግሌ አነጋግሩ፦ ያልተከፈላት ደመወዝ ይታሰብ፣ ከ15 ዓመት በታች ከሆነች ትመለስ። ከዚያ በላይ ሆና መሥራት ከፈለገች ሰዓቷ ተቆርጦ የማታ ትምህርት ትግባ ወይም ወደ ቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ የምትገባበት መንገድ ይፈለግ። ድብደባ ወይም ጥቃት ካለ ሽምግልና አይሆንም፤ በቀጥታ ወደ ፖሊስና ወደ ወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ሂዱ።

ደላላውን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ ለብዝበዛ መመልመልና ማጓጓዝን በሰው መነገድ ብሎ ይቀጣል፤ «ራሷ ፈቅዳ ነው» የሚል መከላከያ አይሠራም። ይህን ለወላጆች ንገሩ። ነገር ግን የጎረቤት ልጅ ከዓረብ አገር በላከችው ገንዘብ የተሠራ የቆርቆሮ ቤት ፊት ለፊት እየታየ በሕግ ብቻ ማሳመን ይከብዳል። ሄዳ የተመለሰች ሴት ትናገር፤ ከመኪና ጭነት እስከ ጅቡቲዋ ኦቦክ ዳርቻ፣ ከጀልባው እስከ የመን ያለውን መንገድ እሷ ታውቀዋለች። እናንተ በዚያ ቀን ቡናውን አፍሉ እንጂ ንግግር አታድርጉ።

ደረጃ 8፦ በጥቅምትና በኅዳር ተመለሱ

ሥራችሁን የምትለኩት በመስከረም ምዝገባ ሳይሆን በአጨዳ ወራት መገኘት ነው። በጥቅምትና በኅዳር በየሁለት ሳምንቱ የስም መጥሪያውን እዩ። ሦስት ቀን በተከታታይ የቀረ ልጅ ቤት በዚያው ሳምንት ሰው ይሂድ፤ ደብዳቤ አትላኩ፣ አንባቢው ራሱ ልጁ ነውና። የማድለቢያው በግ ተሽጦ ከሆነ ገንዘቡ ምን እንደዋለ፣ ወረፋው ላይ ማን እንደቆመ ጠይቁ።

ቀደም ሲል ስሟን የያዛችሁት ታናሽ እህትስ? ብዙ ጊዜ ወንድሙ ሲመለስ ሥራው ወደ እሷ ይወርዳል። ሪፖርታችሁ ላይ አንድ ልጅ ተመለሰ ይላል፤ ሜዳው ላይ ግን ዱላውን አንድ ሌላ ልጅ፣ በቁመት የምታንስ ልጅ ይዛዋለች። ስለዚህ ስትሄዱ ትምህርት ቤቱን ብቻ ጎብኝታችሁ አትመለሱ። ጠዋት በ3 ሰዓት ወደ ግጦሹ ውጡና ከብቶቹን ማን እንደያዘ እዩ።